አያቴ ያመጧቸው ዶሮዎች

ሰው ስለ አያቱ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ይዘን ወሬው ወደ አያቶች ከዞረ የሚያወራው የሚያጣ የለም። አንዱ አያቱ ከአባቱ ዱላ እንዴት እንዳስጣሉት ይናገራል፤ ሌላዋ አያቷ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው ከረሜላ እንዴት ያጎርሷት እንደነበር። እኔ ሰዓቴን አየት አድርጌ ደወል ሊደወል ነው ብዬ እነሳለሁ። የማወራው አጥቼ አይደለም። የእኔ አያት ቤተሰባችንን በሁለት ሃይማኖት መካከል ይዘው ያቆዩ ሴት ናቸው። እኔ ደግሞ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ያውም ሳልጠየቅ።

አያቴ የእናቴ እናት ናቸው። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእናቴ ታናሽ እህት ጋር ይኖራሉ። ሙስሊም ናቸው፤ ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ ዱዓ ሲጀምሩ መንገደኛው ሳይቀር ቆም ብሎ አሚን የሚልላቸው። እናቴ ግን ወልድያ ላይ ከአባቴ ጋር ተዋደደችና ክርስትና ተነሳች። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። አጎቱ ሼኽ፣ አክስቱ የማርያም ማኅበርተኛ የሆነ ሰው ሞልቷል። ሰው የጎረቤቱ ሲሆን በቀላሉ ያወራዋል፤ በራሱ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። አያቴ ለአራት ዓመት የእናቴን ደጅ አልረገጡም።

የታረቁት እኔ ስወለድ ነው። እርቁን ያመጣውም አባቴ ነው። ከገበያ አዲስ ብረት ድስትና አዲስ ቢላዋ ገዝቶ፣ ሁለቱን በጋቢ ጠቅልሎ አያቴ ቤት ሄደ። «እማማ፣ ይኸ የእርስዎ ነው። በቤቴ ከእርስዎ ምግብ በስተቀር ምንም አይሠራበትም። ይምጡና የልጅ ልጅዎን ይዩ» አላቸው። አያቴም ድስቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያ ነጠላቸውን አንስተው ተከተሉት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ስትነግረኝም ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምጿ ይሰበራል።

እንግዲህ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊም ያረደውን አይበላም። ለቅሶው አንድ ነው፣ ሰርጉ አንድ ነው፣ ደቦው አንድ ነው። ሥጋ ላይ ሲደርስ ድስቱ ሁለት ይሆናል። ማንም በማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ለእንግዳው የሚበላውን በወጉ ማዘጋጀት ነው ክብሩ። እኔ «የእማማ ድስት» ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ስላደግሁ በሰው ቤት ሁሉ ማንም የማይነካው አንድ ድስት ያለ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ሲመጡ ሁልጊዜ ሁለት ዶሮ ይዘው ነው። እግራቸውን አስረው፣ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር አስቀምጠው፣ ከመርሳ ወልድያ ድረስ ረዳቱን እየተጨቃጨቁ። «ይቺ የናንተ፣ ይቺ የኔ» ይላሉ ገና ደጅ ላይ ሆነው። የኛዋ ሁልጊዜ የወፈረችው ናት። የእሳቸውን አባቴ ይዟት ወደ ጎረቤታችን ሐጂ ይሄዳል፤ ሐጂ በአዲሱ ቢላዋ፣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ በኩል፣ አዙረው ያርዱላቸዋል። የኛዋን አባቴ ራሱ ያርዳል። ከዚያ ሁለት እሳት ላይ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ሁላችንም በአንድ ክፍል፣ በሁለት ትሪ እንበላለን። እማማ በሰው ቤት ሲሆኑ ሳይጠይቁ አይጎርሱም፤ «ማን ነው ያረደው?» ይላሉ፣ ቤቱ የሙስሊም ቢሆን እንኳ። በእናቴ ቤት ይህን ጥያቄ ጠይቀው አያውቁም። ልጅ ሆኜ ለእኔ ይህ ምንም አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ቤታችን ቤት የሆነው በዚያ ባልተጠየቀው ጥያቄ ነው። የአባቴ ዘመዶች እማማን አይተው እናቴን ያከብሯታል፤ የእናቴ ዘመዶች እማማ የበሉበትን አይተው ደጃችንን ይረግጣሉ። አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ስለበሉ ሁለት ወገን ዘመድ ሆኖ ኖረ።

አባቴ ሲሞት ድስቱ በእናቴ እጅ ቀረ። እኔ አግብቼ፣ በዚያው በወልድያ በአባቴ ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ማስተማር ጀመርኩ።

ከሁለት ዓመት በፊት የእማማ ዓይን ሞራ ተጋረደበትና ወልድያ መጥተው ወጣላቸው። እናቴ ያን ሰሞን ደሴ ሄዳ ስለነበር ያረፉት እኔ ቤት ነው። እናቴ ከመሄዷ በፊት ድስቱን በፌስታል አድርጋ አመጣችልኝ። «አደራሽን» አለችኝ። «እሺ፣ እሺ» አልኳት፤ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስለነበር ቀና ብዬም አላየኋት።

እማማ እንደ ልማዳቸው ሁለት ዶሮ ይዘው ነበር የመጡት። የእማማ ዓይን በተሠራ በማግስቱ ሐጂ ለለቅሶ ወደ ሐራ ሄደዋል። ዝናብ ነበር። ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ ሌላ ሙስሊም ጎረቤት አለን፤ አንድ ዶሮ ይዞ ሦስት ቤት መሄድ ምን አለበት? ምንም የለበትም። እኔ ግን ወረቀቱ ተከምሮብኛል፣ ዶሮዎቹ ኩሽናውን አበላሽተውብኛል፣ ባሌ ለሥራ ወደ ቆቦ ሊሄድ የቤታችንን ቢላዋ ይዞ «ቶሎ በይ» እያለ ቆሟል።

«ሁለቱንም እረዳቸው» አልኩት።

«የእማማስ?»

«ሐጂ የሉም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ምስር እሠራላቸዋለሁ።»

ይህን ስል ልዋሽ አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው። ባሌ በስመ አብ ብሎ ሁለቱንም አረደና ሄደ፤ ምስሩንም ጣድኩት። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን የዶሮው ሽታ ቤቱን ሞላው። እማማ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኖ፣ ሌላውም ድሮም እምብዛም አያይም፣ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁለት ቀን ሙሉ በፍርሃት እህል አልቀመሱም ነበር።

«የኔይቱ በሰለች እንዴ?» አሉኝ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው።

ምስሩን በእጄ ይዤው ቆሜያለሁ። ባሌ ነው ያረዳት፣ አትሆንዎትም፣ ሰንፌ ነው ማለት ነበረብኝ። በዚያች ደቂቃ በውስጤ የነበረውን ሳልሸፍን ልጻፈው። ዶሮ ያው ዶሮ ነው አልኩ። ተምሬያለሁ፣ ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው አልኩ። አያውቁም፣ ያላወቁት ምን ይጎዳቸዋል አልኩ። ተመልሼ ኩሽና ገባሁና ከትልቁ ድስት ሁለት ብልት አውጥቼ፣ ከመረቁ ጨልፌ፣ በእማማ ድስት ገልብጬ አሞቅሁት። ለምን ወደ ድስታቸው እንደገለበጥሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሳህን ላይ ባደርገውም ያው አያዩም ነበር።

አቀረብኩላቸው። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ቢስሚላህ ብለው ሊጎርሱ ሲሉ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ሐጂ ናቸው ያረዱልዎት» አልኳቸው።

«ኧረ መች ጠየቅሁሽ» አሉ እየሳቁ።

በደንብ በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እጅሽ ይባረክ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ ክፉ አይይሽ አሉኝ፤ በመጨረሻም ለአባቴ ነፍስ ዱዓ አደረጉ፣ ያንን ድስት ላመጣው ለአባቴ። እኔም አሚን አልኩ። ድስቱን ሦስት ጊዜ በአመድ ፈትጌ አጠብኩትና እናቴ ከደሴ ስትመለስ ሰጠኋት። ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

ይረሳል ብዬ ነበር፤ አልተረሳም። እማማ እናቴ ቤት በመጡ ቁጥር ያ ድስት ይወርዳል፤ በዚያ ይሠራላቸዋል፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሲጎርሱ አያለሁ። አንድ ጊዜ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው እማማ ላይ እንዲህ የምታፈጪባቸው?» ብላኝ ታውቃለች። አሞኛል ብያት ወጣሁ።

ጭራሽ ያልቻልኩት ውርጌሳ ላይ በአንድ ዘመዳችን ሰርግ ነው። ሙሽራው ሙስሊም፣ ጎረቤቱ ግማሽ በግማሽ፤ ዳሱ ሁለት ነው። እኔ ለሰላምታ ከእማማ ጋር በአሮጊቶቹ በኩል ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴትዮ ሽሙጥ ቢጤ ጣል አደረጉ፤ «አንቱማ ወልድያ ሲሄዱ ከክርስቲያን ልጆችዎ ቤት እንዴት ይሆናሉ?» አሏቸው። እማማ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ፣ «ከዚች ቤት? ወላሂ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምበላ!» አሉ። ሴቶቹ ማሻአላህ አሉ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ሄድኩ። ከወልድያ መርሳ ድረስ ሲሪንቃ ላይ ቢበላሽ፣ መንገድ ቢዘጋ እያልኩ ነው የተጓዝኩት፤ ሚኒባሱ ግን እንደዚያ ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ከመርሳ ባጃጅ ያዝኩ። አክስቴ ገበያ ወጥታለች። እማማ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

«ገና ከባጃጁ ስትወርጂ ነው የለየሁሽ» አሉኝ። «ዓይኔ እንዳዲስ ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ።»

እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ በቆሎ አነሳሁና መፈልፈል ጀመርኩ። ቀና ብዬ መናገር አልቻልኩም፤ ለበቆሎው ነው የነገርኩት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሐጂ፣ ስለ ምስሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዶሮ ያው ዶሮ ነው ማለቴን ሳይቀር። ስጨርስ የእሳቸው እጅ ቆሞ ነበር።

«ሁለቱንም ባልሽ ነው ያረዳቸው?»

«አዎ እማማ። እሱ ግን ለእርስዎ እንደሰጠሁዎት አያውቅም።»

«እናትሽስ?»

«አታውቅም።»

የተፈለፈለውን በቆሎ በእጃቸው ሰበሰቡት። ከዚያ «አትንገሪያት» አሉ። «ብታውቅ ድስቱን ትጥለዋለች። የአባትሽ እጅ ያረፈበት ነው።»

አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለምን፣ «ተነሽ፣ ተነሽ፣ አላህ ይቅር ይበለን» ብለው ለከሰዓቱ፣ ለአስር ሰላት ሊታጠቡ ተነሱ። ስወጣ እንደ ወትሮው ፌስታል ሙሉ ማንጎ አሸከሙኝ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱን ማንጎ ልጬ በላሁ፤ ሌላም ደገምኩ። ጭማቂው በክንዴ እየወረደ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነፋሱ ፊቴ ላይ፣ ልቤ ቅልል ብሎት ነበር። ተናግሬ ተገላገልኩ ብዬ ነዋ። ከዋሸሁበት ቀን ይልቅ አሁን የማፍረው በዚያ ማንጎ ነው።

ወር ያህል ቆይቶ እናቴ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«እማማ መጾም ጀምረዋል» አለችኝ። «ረመዳን አይደለ፣ ምን አይደለ። ያ ሁሉ ስኳር በሽታ እያለባቸው! ትላንት ለሰላት ሲታጠቡ አዙሯቸው ወድቀዋል። ምን ሆነው እንደሆነ እህቴ ብትጠይቃቸው 'ያለብኝ ዕዳ ነው' ብቻ ነው የሚሏት።»

ስኳሩ ከታወቀ ጀምሮ ሐኪሙ ጾም ከልክሏቸዋል። የሰፈራቸው ሼኽም ረመዳንን እንኳ አይጹሙ፣ በምትኩ ምስኪን ያብሉ ብለዋቸው ያንን ነው የሚያደርጉት። እናቴ ይህን ሁሉ እየዘረዘረች እኔ የጠመኔውን አቧራ ከጣቴ እጠርጋለሁ፤ አልለቅ አለኝ። «አንቺን ይሰማሉ፤ ሂጂና አስቁሚልኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። ስደርስ ገና እኩለ ቀን ነው፤ የሀብሩ ቆላ ፀሐይ ቆርቆሮውን እየሰነጠቀው ነው። እማማ ቤት ውስጥ ጋደም ብለዋል። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ጉንጫቸው ገብቷል። ሙስበሃቸውን በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«እናትሽ ላከችሽ?» አሉኝ ሳይነሱ።

«አዎ እማማ። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ አይሆንም እኮ። ሐኪሙ ከልክሏል፣ ሼኹም ከልክለዋል።»

«የከለከሉኝ የረመዳንን ነው።»

አጠገባቸው ተንበረከኩ። መንገዱን ሙሉ የማስረዳውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ አስተማሪ አይደለሁ? «በዶሮው የተነሳ ከሆነ፣ እማማ፣ እርስዎ ሳያውቁ ነው የበሉት። ጠይቄያለሁ፣ አንብቤያለሁ። ሳያውቅ የበላ ሰው ወንጀል የለበትም» አልኳቸው።

እማማ ትክ ብለው አዩኝ፤ ያ የዳነው ዓይናቸው ጥርት ብሏል።

«ይኸን አንቺ ነሽ ለኔ የምታስተምሪኝ?» አሉ። «የኔ ምኑ ይጾማል? እኔ ምን አጠፋሁ? ያንቺን ነው የምጾመው።»

አልገባኝምና «የኔን?» አልኳቸው።

«አመኔታ በልተሻል» አሉ። «በአላህ ስም ላይ ነው የዋሸሽው። ቢስሚላህ ብዬ እጄን ስዘረጋ ነው የዋሸሽኝ። ይኸ እንዲሁ አይለቅም። አንቺ ደግሞ እንዴት እንደሚጾም አታውቂም። ሰው ላጠፋ ልጁ ዝም ይላል?»

ሼኾቹ ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም። በሰው ፈንታ መጾም ይቻል አይቻል የማውቀው ነገር የለም። እኔ ያወቅሁት፣ ማንጎ እየበላሁ ተገላገልኩ ያልኩት ነገር ወር ሙሉ በእኚህ ሴት ሆድ ውስጥ እንደኖረ ነው። አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ አለቀስኩ።

«እኔው ልጹመው» አልኳቸው። «ዛሬውኑ እጀምራለሁ።»

«የናንተ ጾም!» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «ሽሮ ይበላበታል።»

«በእርስዎ አጿጿም ነው የምጾመው፤ ውሃም አልጠጣ።»

መልስ ሳይሰጡኝ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። እማማ ስሟን እንኳ ሳልነግራቸው አወቁ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ነገሩሽ?» አለች እናቴ ገና ስልኩን ሳነሳው። «ለምንድን ነው አሉሽ? ምን አድርገናቸው ነው?»

የእማማን ጀርባ አየሁ። አትንገሪያት ያሉኝን አስታወስኩ። «ምንም አልነገሩኝም እማዬ» አልኩ። «እኔም አልገባኝም።»

ስልኩን ዘጋሁ። እማማ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ይቺን እኔ አልጾማትም» አሉ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ አትንገሪ ያሉኝ?»

«አትንገሪያት አልኩ እንጂ ዋሺያት አልኩሽ?»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ሙስበሃውን ከቆሙበት ቀጠሉ። እኔ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ የእናቴን ቁጥር እያየሁ፣ ትንሽ ጊዜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደወልኩላት። አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሳችው።

«ነግረውኛል እማዬ» አልኳት። «የሚጾሙት በእኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ማታ ቤት መጥቼ ምን እንዳደረግሁ ራሴ እነግርሻለሁ። ድስቱን ግን እባክሽ እንዳትጥዪው።»

«እሺ፣ ነይ» አለች እናቴ። ስለ የትኛው ድስት እንደምናገር አልጠየቀችኝም።